ስለ ደቅ ደሴት፣ ስለ ተማሪ ጉዞ እና ስለ ጀልባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በወጣው ዕትማችሁ የደብዳቤዎች ዓምድ ላይ አንድ አባት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጃቸው በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ቤት ከመምጣት ይልቅ የጣናን ደሴቶች ብቻውን ሊዞር ማሰቡን ነግሯቸው እንዳልፈቀዱለት ጽፈው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን «ዙረት» እንዲከለክሉ፣ ካልሆነም በአስጎብኚ የሚመራ የቡድን ጉብኝት ብቻ እንዲፈቅዱ ጠይቀዋል። ጸሐፊውን በአባትነታቸው አከብራቸዋለሁ። ዛሬ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ልጃቸውን ማስቀረታቸውንም የሚነቅፍ ሰው አይኖርም፤ እኔም ብሆን አልልከውም። ይሁን እንጂ ደብዳቤያቸው ስለ ጸጥታው ያነሣው በአንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ «ሰው ሳይጠራው፣ ዘመድ ሳይኖረው፣ ብቻውን ምን ሊሠራ ይሄዳል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው ስላለኝ ብዕሬን አነሣሁ። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊ የሆነውን ደቅን ብቻዬን በእግሬ ዞሬዋለሁ።

አስቀድሜ ግን «ዙረት» ስለሚለው ቃል ትንሽ ልበል። ብቻውን አገር ለአገር የሚዞር ተማሪ በዚህ ምድር አዲስ ፍጥረት አይደለም። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ሌላውን ዜማ፣ ዝማሬ መዋሥዕትን፣ ለማስመስከር ዙር አምባ፣ ቅኔ ለመቀኘት ዋሸራ ወይም ጎንጅ እያለ፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የለመነውን ቁራሽ በልቶ የተማረ ትውልድ ነው መሪጌቶቻችንን ያፈራው። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን አስፈቅደው አልሄዱም፤ ጠፍተው ነው የሄዱት። አያቴም አንዱ ነበሩ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከቤት ጠፍተው ዋሸራ ሲገቡ ቅድመ አያቴ ሞቷል ብለው ሐዘን ሊቀመጡ ነበር ይባላል። የእኔ ጉዞ ከዚያ ጋር የሚተካከል አይደለም። እኔ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ እና የሞባይል ስልክ የያዝሁ የዘመኑ ተማሪ ነበርሁ። ነገር ግን ልማዱ የባዕድ ነው የሚባለውን አልቀበልም።

እሑድ የካቲት 3 ቀን ማለዳ፣ በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ ደሴቶቹንና የዳርቻውን መንደሮች እየነካች ጎርጎራ በምትዘልቀው መርከብ ተሳፈርሁ። ቱሪስት የሚባል በላይዋ አልነበረም። የተጫነው ጨው፣ የዘይት ጄሪካን፣ የቢራ ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ እግሯ የታሰረ አንዲት በግ እና ለክርስትና የሚሄዱ ዘመዳሞች ነበሩ። ጣና ከሦስት ሺሕ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት እንዳለው በትምህርት ቤት ያጠናሁት ነው፤ ዘጌን አልፈን ባሕር ዳር ከኋላችን ስትጠፋ ግን ቁጥሩን ማጥናትና ውኃው ላይ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገባኝ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጄ የጀልባዋን ብረት አጥብቆ መያዙን አይተው፣ «ልጄ፣ ብረቱን ብትለቀውም አትሰምጥም» አሉኝ።

ደቅ ስንደርስ አብረውኝ የወረዱት ሁሉ የሚቀበላቸው ሰው ነበራቸው። የቀረሁት እኔ ነበርሁ፤ አንድ ሚሊሻም ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። የተማሪነት መታወቂያዬን ገልብጦ ገላልጦ አየና «የማን ዘመድ ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። የማንም እንዳልሆንሁ፣ ደሴቱን ልዞር ብቻ እንደመጣሁ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፣ «እንግዲያው ዘመድ እንፈልግልህ» አለኝ። ስሜን በቀበሌው አስመዘገበኝ፤ ስልኬን ጻፈ፤ ከዚያ አንዲት እናት ደጅ አድርሶኝ ተመለሰ። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» የሚለውን ቃል ከአያቴ አፍ ሰምቼ አውቀዋለሁ እንጂ ራሴ ብዬው አላውቅም ነበር። አፍሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልሁት። እማማም ቡናቸውን ከምጣዱ ሳያወጡ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» አሉኝ። የጽሑፉ ባለቤት አባት ልጃቸው ብቻውን ሲሄድ የሚያየው እንደማይኖር ሰግተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ባሕር ዳር በነበርሁባቸው ሦስት ዓመታት የደቅን ያህል የታየሁበት ቦታ የለም። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ደሴት ስሜን ያውቀው ነበር።

የደቅ ስፋት ወደ 16 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቸኮለ ሰው በአንድ ቀን ሊዞረው ይችላል፤ እኔን ግን ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም በየደጁ ቡና አለ። መሬቱ ዝቅ ያለና ጥቁር ነው። ጤፍ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል፤ የዳጉሳ ማሳ አለ፤ በየጓሮው ማንጎ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዋርካና ዋንዛ አለ። ከዳርቻው ደንገሉ በቁመት ከሰው ይበልጣል። እማማ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ሌባን ወይም ሽፍታን ሳይሆን ጉማሬን ነበር፤ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ከመሸ በኋላ በውኃው ዳር እንዳልሄድ፣ ከሄድሁም በእሱና በውኃው መካከል እንዳልገባ ነገሩኝ። ይህን ምክር የትኛውም የጉብኝት መጽሔት ላይ አላነበብሁትም።

ናርጋ ሥላሴ በደሴቱ ምዕራብ በኩል ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በበሩ ላይ ፒፓ ይዞ የተቀረጸውን ሰው አስጎብኚዎች ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው ይላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ከውስጥ ያለው ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፤ ሥዕሉ ደግሞ በመጋረጃ ተሸፍኗል። የሚያሳዩኝ መሪጌታ መጋረጃውን በረጅም ዘንግ ገለጥ ሲያደርጉ እኔ ባትሪዬን ወደ ላይ፣ ወደ እመቤታችን ፊት አበራሁ። መሪጌታው እጄን ያዝ አድርገው ወደ ታች መለሱትና «ከእግር ጀምር» አሉኝ። ከእግር ስጀምር መጀመሪያ ያገኘኋት እቴጌይቱን ነው፤ ልብሰ መንግሥቷን እንደለበሰች በደረቷ ተኝታ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ተዘርግታለች። ከላይ ብጀምር ኖሮ ምናልባት ሳላያት አልፍ ነበር። በቡድን የሚመጡ ጎብኚዎች ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ ብጠይቃቸው መሪጌታው «ጀልባው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል» ብለው ሳቁ። እኔ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር፤ ሞተር የሚጠብቀኝ አልነበረምና። ከቡድን ጉብኝት ይልቅ የብቻ ጉዞን የምመርጥበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ከደቅ አጠገብ ወዳለችው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ በታንኳ ተሻገርሁ። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ውኃ እንደሚጠጣ ግን የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው። ከግማሽ መንገድ በኋላ ሱሪዬ ርሷል። ቀዛፊው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ሲሆን፣ ታንኳው ከውኃ በወጣ ቁጥር ቆሞ ካልደረቀ በጥቂት ወራት እንደሚበሰብስ እየነገረኝ ረጅሙን መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ያገላብጠዋል። የተነሣነው ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በታንኳ የሚወጣ የለም። ዳጋ ላይ፣ በገዳሙ ዕቃ ቤት፣ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግል እና የአፄ ፋሲል አስከሬኖች በመስተዋት ሣጥን ተቀምጠዋል። በታሪክ ክፍለ ጊዜ በዘመን ቅደም ተከተል የሸመደድኋቸው ነገሥታት ጎን ለጎን ሲተኙ በመካከላቸው ያለው የመቶዎች ዓመት ልዩነት ምንም አይመስልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ጉዞውን የሚያስመሰግን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ደግሞ ለአባትየው ስል አልደብቅም። ዳጋ በመዘግየቴ ከጎርጎራ የምትመለሰው መርከብ አለፈችኝ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከፍታ ወጥቼ ለአንድ የሞተር ጀልባ ባለቤት ስደውል ዓርብ ጠዋት ዕቃ ለማራገፍ ስለሚመጣ እንደሚወስደኝ ቃል ገባልኝ። ዓርብ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። በኋላ እንደሰማሁት የቱሪስት ኮንትራት አግኝቶ ወደ ዘጌ ሄዶ ነበር። እኔ የሚያመልጠኝ የሰኞ ክፍል ነው፤ ትልቅ ነገር አልነበረም። ከእኔ ጋር በዳርቻው የሚጠብቁት ግን ሌላ ነበሩ። አንድ መምህር የፈተና ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ሁለት ገበሬዎች ማንጎ በጆንያ ሞልተው መጥተው፣ ማንጎው በሁለተኛው ቀን ከሥር መለስለስ ጀምሯል። አንዲት እናት ደግሞ ሦስት ቀን ያተኮሰው ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ የደሴቱ ጤና ጣቢያ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውሰጂው ብሎ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ሞተር የሚመስል ድምፅ በሰማች ቁጥር ቋጠሮውን ትነካዋለች።

ለኮንትራት ጀልባ የሚጠየቀው ገንዘብ እኔ በወር ከማወጣው ይበልጥ ነበር፤ ለእሷ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ያላቸውን አዋጥተው፣ እኔም የቀረኝን ጨምሬ፣ እሑድ ማለዳ በጭነት ጀልባ ተሻገርን። ከማንጎው ጋር አሥራ አራት ነበርን፤ የሕይወት አድን ጃኬት አንድ ነበር፤ እሱንም ሾፌሩ ተቀምጦበታል። ልጁ ባሕር ዳር ሲደርስ ነፍሱን ያውቅ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ አስገብተናቸው ተለያየን።

እንግዲህ ጸሐፊው አባት የሚፈሩት አደጋ በጉዞዬ ውስጥ የት ነበር ቢሉኝ ያ ጀልባ ላይ ነበር እላቸዋለሁ። ብቻዬን በመሆኔ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ቀኑን የሚያከብር መጓጓዣ ነው። በዚያ ዳርቻ ላይ ከአስጎብኚ ጋር የመጣ ሃያ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ገንዘብ አዋጥቶ ጀልባዋን ኮንትራት ይዞ ይሄድ ነበር፤ እናትየዋም ሌላ ቀን ትጠብቅ ነበር። የቡድን ጉብኝት ብቻ ይፈቀድ የሚለው ሐሳብ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው። ደሴቱን በራሳቸው ሞተር ደርሰው በራሳቸው ሞተር የሚመለሱ ሰዎች ብቻ የሚያዩት ቦታ ካደረግነው፣ የሕዝብ ጀልባ አስፈላጊነት ለደሴተኛው ካልሆነ በቀር ለማንም አይታይም። ደሴተኛው ደግሞ ለጋዜጣ ደብዳቤ ሲጽፍ አላየሁም።

የጣና የውኃ ትራንስፖርት ጉዳይ አዲስ አይደለም። የሐይቁ ውኃ ወደ ዓባይ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚስተካከል ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁ መርከቦች ሊንሳፈፉበት ከሚችሉት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,784.75 ሜትር ከሆነው ከፍታ በታች በመውረዱ መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ቆመው ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መቆራረጥ ብዙ መነገሩን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ የደቅ ሰው እነዚያን አራት ወራት እንዴት እንዳሳለፈ የጠየቅኋቸው እማማ ግን «እንደ ጥንቱ በታንኳ» ብለው በአጭሩ መለሱልኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል፤ በጎርጎራም በ«ገበታ ለሀገር» ሪዞርት ተሠርቷል። ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ ሲቀበላት በቴሌቪዥን አይቼ እኔም ከቤተሰቤ ጋር አጨብጭቤያለሁ። ይህን ስል ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን ያህል የተደከመላት መርከብ በሳምንት ስንት ቀን ደቅ ትቆማለች? የማንጎ ጆንያ ያለው ገበሬ ትኬት ሊቆርጥባት ይችላል? ወይስ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ናት? የሚመለከተው ክፍል መልሱን በጋዜጣችሁ ቢገልጽልን ብዙ አንባቢ ያመሰግናል።

ለተማሪ ተጓዥ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ለደሴተኛውም የሚያስፈልግ በመሆኑ ወጪው ለአንድ ዓላማ ብቻ የሚወጣ አይሆንም። የጉዞ ቀንና ሰዓት በየወደቡ ተጽፎ ይለጠፍ። ከወደብ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ፣ የጭነትም ቢሆን፣ የተሳፋሪዎቹን ስም አስመዝግቦ ይውጣ፤ በሰው ልክም ጃኬት ይያዝ። ሚሊሻው በእኔ ላይ ያደረገው ምዝገባ በብጫቂ ወረቀት ላይ ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓት ነበረው፤ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ግን ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎችም መከልከሉን ትተው፣ የሚሄደው ተማሪ የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ቀን ለተማሪዎች አገልግሎት ጽፎ እንዲሄድ ቢያደርጉ የወላጅን ጭንቀት ግማሹን ያቃልሉታል።

ጸሐፊው በደብዳቤያቸው መጨረሻ «ሴት ልጅ ብትሆንስ?» ብለዋል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ የእኔን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታ ናርጋን ማየት ትመኛለች። ዳጋ በገዳሙ ሥርዓት ለሴቶች የተፈቀደ አይደለም፤ ያንን ታውቃለች፣ ታከብራለችም። ናርጋና ደቅ ግን ክፍት ናቸው። እኔ በድፍረት የጻፍሁትን ሁሉ ለእሷ ስትሉኝ ልቤ ይከፈላል፤ አባትየውን የምረዳቸውም በዚህ ነው። ለእማማ ስልክ ደውዬ ነገሩን ባነሣባቸው ግን ተቆጡኝ፤ «አንተን ያላወቅሁህን ያሳደርሁ፣ እህትህን ውጭ አሳድራለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለአባትየው በግል የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰላም ሲሆን፣ ልጅዎም ሐሳቡን ካልተወ፣ ከእኔ ስህተት ይማር፤ የመመለሻውን መርከብ ቀን ከካፒቴኑ አፍ ጠይቆ ይጻፍ። ለቤት እመቤቶች ጨው ወይም ሳሙና ይያዝ፣ ገንዘብ አይቀበሉም። ታንኳ የሚሳፈር ከሆነ በማለዳ ይውጣ፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይነሣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣
ከደብረ ማርቆስ